ከክፍል ውጭ ያለው ኮሌጅ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ

ሰሞኑን ከጎንደርና ከአካባቢዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይመካከሩ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል፤ ጉዳዩም ተማሪ ከክፍል ውጭ በሚያሳልፈው ጊዜ የሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ የዚህን እትም ዓምድ ለእነርሱ ሰጥተናል።

«ጤና ይስጥልኝ ክቡር አዘጋጅ። በአዘዞ የምኖር የእህል ነጋዴ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት በሚገኝ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ወጪዋ ተችሎላት እንድትማር ተፈቅዶላታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይሁንና ኮሌጁ የላከላትን ጽሑፍ እየተረጎመች ስታነብልኝ ግራ ገባኝ። ሁለት ሺህ ተማሪ እንኳ በማይሞላበት ግቢ ውስጥ መቶ ያህል ክበብ አለ፤ የመዘምራን ቡድን አለ፣ የሬዲዮ ጣቢያ አለ፣ ሳህን የሚወራወሩ ሰዎች ማኅበር ሳይቀር አለ። ትምህርቱ ደግሞ ‹ሊበራል አርትስ› ይባላል። ልጄ የሒሳብ ሰው ናት፤ ሥዕል ትማር ዘንድ ባሕር ማሻገር ምን ይባላል? ቤተ ዘመዱም ‹ዩኒቨርሲቲ ሳለ ኮሌጅ?› እያለ ይስቅብኛል። ልላካት ወይስ እዚሁ ትግባ?»

ክቡር ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንኳን ደስ ያለዎት። ከስሙ እንጀምር። በእኛ ጆሮ «አርት» ሲባል ሥዕልና ቲያትር ነው የሚመጣብን፤ በዚህ ስም ውስጥ ግን ቃሉ የቆየ ትርጉሙን እንደያዘ ነው፤ እርሱም ጥበብ፣ ዕውቀት ማለት ነው። የጥንቱ የአውሮፓ ትምህርት ሰባት ጥበባትን ይቆጥር ነበር፤ እነርሱም ሰዋስው፣ የንግግር ጥበብ፣ ሥነ አመክንዮ፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ዜማና የከዋክብት ጥናት ናቸው። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ዘመድ ላለው የጎንደር ሰው ይህ ዝርዝር እንግዳ አይሆንበትም፤ ሰዋስውንና የንግግርን ውበት በቅኔ ቤት፣ ዜማን በዜማ ቤትና በአቋቋም፣ ሒሳብንና የፀሐይንና የጨረቃን አቆጣጠር በባሕረ ሐሳብ ያገኘዋልና። የዛሬዎቹ ኮሌጆች ሰባቱን ቆጥረው አያስተምሩም፤ ነገር ግን ተማሪ አንድ ሙያ ብቻ ጨብጦ እንዳይወጣ የሚለውን ሐሳብ አልጣሉትም። ልጅዎ ሒሳብን ዋና ትምህርቷ ታደርገዋለች፤ ምርጫዋን የምታስመዘግበው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው፤ እስከዚያው ታሪክም፣ ባዮሎጂም፣ የውጭ ቋንቋም ትወስዳለች። በአገራችንም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ዓመት በሎጂክ፣ በሳይኮሎጂ፣ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና በመሳሰሉት የጋራ ኮርሶች እንዲያሳልፉ መደረጉ ከዚሁ ሐሳብ ብዙም የራቀ አይደለም።

«ኮሌጅ» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ከዩኒቨርሲቲ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ የቤተ ዘመዱ ሣቅ አይገርመኝም። በአሜሪካ ግን አንዳንድ ኮሌጆች ትንሽ ሆነው የቀሩት ማደግ አቅቷቸው ሳይሆን ፈልገው ነው። ዊሊያምስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1793፣ አምኸርስት በ1821፣ በአዮዋ የሚገኘው ግሪኔል በ1846 ነው የተመሠረቱት፤ ሆኖም ዛሬም የእያንዳንዳቸው የተማሪ ቁጥር ሁለት ሺህ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ የሚያስተምሩት ጥቂት ስለሆነ ወይም ጨርሶ ስለሌለ፣ የመምህሩ ጊዜ በዋናነት የልጅዎ ብጤ ለሆነው ተማሪ ይውላል።

ወደ ክበቦቹ ስንመጣ፣ እርስዎን ያሳሰበዎት ቁጥር ራሱ መልሱን ይዟል። ሁለት ሺህ ተማሪ ያለው ግቢ የወንዶችና የሴቶች እግር ኳስ ቡድን፣ ኦርኬስትራ፣ ጋዜጣ፣ ቲያትርና ሬዲዮ ይኑረኝ ካለ፣ እነዚህን ሁሉ የሚሞላ ሰው ከየት ያመጣል? ከእነዚያው ሁለት ሺህ ልጆች ነው። ስለዚህ ግብ ጠባቂዋ ቫዮሊን ትመታለች፤ የጋዜጣው አዘጋጅ ማታ በቲያትሩ ላይ ንጉሥ ሆኖ ይተውናል። ሠላሳና አርባ ሺህ ተማሪ በሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ለቡድን የሚመረጡት ከሁሉ የላቁት ናቸው፤ የቀረው ተመልካች ነው። በትንሹ ኮሌጅ ግን መካከለኛው ተጫዋች ካልመጣ ቡድን የሚባል ነገር አይኖርም። ከእነዚህ ኮሌጆች ብዙዎቹ በአሜሪካ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ሦስተኛ ምድብ ውስጥ የሚወዳደሩ ሲሆን፣ በዚያ ምድብ ለስፖርት ችሎታ ብሎ የነፃ ትምህርት ዕድል መስጠት አይፈቀድም። ስለዚህ ለኮሌጁ የሚሮጠው ልጅ ለመሮጥ የተከፈለው ሰው አይደለም፤ ከሩጫው በኋላ የኬሚስትሪ የቤት ሥራ የሚጠብቀው ተማሪ ነው።

ሌላው፣ ለነጋዴ መቼም ይህ ይገባዋል ብዬ የማምነው፣ የገንዘቡ ጉዳይ ነው። በብዙዎቹ ኮሌጆች ክበቦችን የሚያስተዳድሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከእያንዳንዱ ተማሪ በየዓመቱ ለዚሁ ተብሎ የሚሰበሰብ ክፍያ አለ፤ የልጅዎ የነፃ ትምህርት ዕድል ይህንን ይሸፍን እንደሆነ ይጠይቁ። የተሰበሰበውን ገንዘብ የተመረጡ የተማሪ ተወካዮች ለየክበቡ ያከፋፍላሉ። ገንዘብ የሚፈልግ ክበብ በጀቱን ጽፎ ይቀርባል፤ ለአውቶቡስ ይህን ያህል ለምን አስፈለገ፣ ባለፈው ዓመት የተሰጣችሁ የት ደረሰ ተብሎ ይጠየቃል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በእኩዮቿ ፊት ቆማ ሒሳብ የምትከራከር፣ ደረሰኝ ሰብስባ የምታወራርድ ልጅ ጊዜዋን አባከነች ለማለት እኔ በበኩሌ አልደፍርም። ሳህን የተባለውም ፍሪዝቢ የሚሉት የፕላስቲክ መጫወቻ ነው፤ በሁለት ቡድን የሚካሄደው ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ዳኛ ይካሄዳል፤ ጥፋት ሲፈጸም የሚናገሩትና የሚስማሙት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። (ይህን ደንብ በአዘዞ ኳስ ሜዳ እንዲሞክሩት ግን አልመክርም።)

የሚያሰጋ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ክበቦቹ ሁሉ በሣሩ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው አዲስ ገቢዎችን የሚመዘግቡበት ቀን አለ፤ ልጅዎ ይሉኝታ ይዟት በአሥራ ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ስሟን አስፍራ ልትመለስ ትችላለች። እንዳይሆን አስቀድመው ይምከሯት፤ የመጀመሪያው የአጋማሽ ፈተና ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ሁለት ይበቃታል፣ አንዱ የምታውቀው፣ ሁለተኛው በጎንደር አይታው የማታውቀው ቢሆን ደግሞ መልካም ነው። የአፍሪካ ተማሪዎች ማኅበር ፈልጎ እንደሚያገኛት አልጠራጠርም፤ በባህል ምሽቱም «ኢትዮጵያዊ ነሽና እስክስታ አሳዪን» መባሏ አይቀርም፤ ከመሄዷ በፊት ትከሻዋን ብታፍታታ አትጎዳም።

ሚኒሶታ ስለሚባለው አገር አንድ ነገር ልጨምር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ጋናዊው ኮፊ አናን በዚያው ክፍለ ግዛት ከሚገኘው ማካሌስተር ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1961 በኢኮኖሚክስ ተመርቀዋል፤ ተማሪ ሳሉም በሩጫ ቡድንና በንግግር ውድድር ይሳተፉ ነበር። ስለዚያ ዘመን ደጋግመው ይናገሩት የነበረው ግን ስለ ጆሮ መሸፈኛ ነው። መልኩ አስቀያሚ ነው ብለው አላደርግም እንዳሉ፣ አንድ ቀን ከቤት ሲወጡ ብርዱ ጆሯቸውን ሊቆርጠው ሲደርስ ሮጠው ሄደው ትልቁን መርጠው እንደገዙ ያወሩ ነበር። የደባርቅ ብርድ ለሚኒሶታ ጥር ልምምድ አይሆንም፤ የክረምት ልብስ በእርዳታው ውስጥ ይካተት እንደሆነ ከአሁኑ ጽፋ ትጠይቅ።

ከዚሁ ጋር የትምህርት ክፍያው፣ መኝታው፣ ምግቡ፣ የጤና መድኑና የአውሮፕላን ትኬቱ እያንዳንዳቸው መሸፈናቸውን ከደብዳቤው ላይ በጣትዎ እየጠቆሙ ያረጋግጡ፤ «ወጪዋ ተችሎላታል» የሚለው ቃል እንደ ኮሌጁ ይለያያልና። በተማሪ ቪዛ የገባች ልጅ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት እንድትሠራ ይፈቀድላታል፤ ይህ በላይብረሪ ወይም በመመገቢያ አዳራሽ ሲሆን ለኪስ ገንዘብ ይበቃል፤ ቤተሰብ ለመርዳት ግን አይበቃምና ከወዲሁ ተስፋ አይጣልባት። የጾም ምግብ ስጋት አይሁንብዎ፤ የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለበት ምግብ በእነዚህ ግቢዎች የተለመደ ነው፤ የሚያስቸግረው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾሙ ነው፤ የመመገቢያውን ሰዓት አይታ ምግቧን አስቀድማ ትውሰድ። በገና ዕረፍት አንዳንድ ኮሌጆች ማደሪያቸውን ስለሚዘጉ የት እንደምትቆይም ትጠይቅ። ይህ ሁሉ መልስ ካገኘ ይላኳት።

ሁለተኛው ደብዳቤ በአራዳ አካባቢ ከሚኖር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተላከ ነው።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ለአሜሪካ ኮሌጆች ለማመልከት ቅጹን ስከፍት ከክፍል ውጭ የምሠራውን ሥራ የምሞላባቸው አሥር ቦታዎች አገኘሁ። እኔ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ እናቴ ሱቅ ነው የምሄደው፤ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን አቋቋም እማራለሁ። ሌላ የለኝም፤ በሚኒ ሚዲያ ለአንድ ዓመት ዜና አንብቤ ነበር። ጓደኞቼ ‹የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ፕሬዚዳንት ነበርኩ በል፣ ማን ያጣራል› ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

ልጄ፣ አሥር ቦታ መኖሩ አሥሩን ሙላ ማለት አይደለም። ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚጠቀሙበት «ኮመን አፕ» የሚባለው ማመልከቻ እስከ አሥር ሥራ ድረስ ይቀበላል፤ ለእያንዳንዱም መግለጫ 150 ፊደል ብቻ ይፈቅዳል፤ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት እንደሠራህም ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ አንተ ያላየኸው ነገር አለ፤ የሥራው ዓይነት በሚመረጥበት ዝርዝር ውስጥ የሚከፈልበት ሥራም የቤተሰብ ኃላፊነትም ራሳቸውን ችለው ተቀምጠዋል። ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች እናቱን የሚረዳ ልጅ ለክበብ ጊዜ እንደማይተርፈው ያውቃሉ። አንተ ግን ሱቁን እንደ ነውር ከዝርዝሩ አውጥተህ «ሌላ የለኝም» ትላለህ።

የመጀመሪያው መስመር ሱቁ ነው። በአማርኛ ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «በእናቴ ሱቅ እሸጣለሁ፤ ሒሳብ እይዛለሁ፤ የዱቤ ደብተሩን በየወሩ አወራርዳለሁ።» በቀን ሦስት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ከሆነ 18 ሰዓት ብለህ ሙላ። «ታታሪ ነኝ»፣ «ኃላፊነት ይሰማኛል» የሚሉ ቃላትን ተዋቸው፤ የዱቤ ደብተሩ ይናገርልሃል። ሁለተኛው መስመር አቋቋሙ ነው። የበአታ ሊቃውንት ስም የገነነበት ከተማ ልጅ ሆነህ ይህን ትምህርት እንደ ተራ ነገር ብታልፈው ያሳዝነኛል፤ ነገር ግን ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ከበሮውን፣ ጸናጽሉንና መቋሚያውን አያውቅምና፣ ዜማው ከእንቅስቃሴ ጋር በቃል የሚጠና መሆኑንና ስንት ዓመት እንደተማርከው ግለጽለት። ሦስተኛው ሚኒ ሚዲያው ነው፤ አንድ ዓመት ከሆነ አንድ ዓመት በል። በዚህ ይብቃ።

ስለ ፕሬዚዳንትነቱ፦ በመምህርነት ዘመኔ እኔ ባላየሁት ክበብ አንድ ተማሪ ሊቀመንበር እንደነበረ መስክር ተብዬ ወረቀት ቀርቦልኝ ያውቃል። አልፈርምም ስል አባትየው «የሰው ልጅ ዕድል ዘጋህ» ብሎ ተቀየመኝ፤ እስከ ዛሬም በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው። ማን ያጣራል ለሚሉህ ጓደኞችህ መልሱ፣ ከትምህርት ቤትህ የሚላከው የመምህር ደብዳቤ አለ የሚል ነው፤ በአንተ ጽሑፍ ፕሬዚዳንት ሆነህ በመምህርህ ደብዳቤ ካልተጠቀስህ አንባቢው ሁለቱን ያስተያያል። ደግሞም የምታመለክትባቸው ቦታዎች ጠባይ አለ። በፔንሲልቬንያ የሚገኘው ሃቨርፎርድ ኮሌጅ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በተማሪዎች የሚጠበቅ የክብር ደንብ አለው፤ ፈተና ያለ ፈታኝ ይሰጣል። በጋና የሚገኘውን አሸሲ ዩኒቨርሲቲን እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ፓትሪክ አዉዋ ራሳቸው የስዋርትሞር ኮሌጅ ምሩቅ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ተማሪዎቹ ፈተናን ያለ ተቆጣጣሪ ለመውሰድ ቃል የሚገቡበትን ደንብ በዚያ ጀምረዋል። አሸሲን እግረ መንገዴን አላነሣሁትም፤ ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ተማሪ ስለሚቀበልና ትምህርቱም ከዚሁ ሐሳብ የተቀዳ ስለሆነ፣ ዓይንህን አሜሪካ ላይ ብቻ አትትከል።

ሦስተኛው አጭር ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህር «እንዲህ ያለ ትንሽ ኮሌጅ በእኛ አገር ኖሮ ያውቃልን?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

የኔታ፣ ኖሮ ያውቃል ብል እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በካናዳ ኢየሱሳውያን መምህራን አመራር የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥቂት ተማሪዎችን በአዳሪነት ይዞ የጀመረ የኪነትና የሳይንስ ኮሌጅ ነበር። መምህሩና ተማሪው በስም ይተዋወቁ ነበር፤ ክርክር፣ ጋዜጣና የተማሪዎች መማክርት ነበረው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሌጅ ቀን የሚነበበው ግጥም የድሃውን ኑሮ ማንሣት ሲጀምር ጉዳዩ ከመዝናኛነት አልፎ መንግሥትን እስከማስቆጣት መድረሱን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያስታውሱታል። እዚህ ጎንደርም እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ትንሽ ነበር፤ የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒቴሪያን ሠልጣኞቹን በአንድ ቡድን አቀናጅቶ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። በአንድ ቤት አድረው፣ በአንድ ድስት በልተው፣ ምንጭ አጎልብተውና ሽንት ቤት አስቆፍረው የተመለሱ ተማሪዎች የክፍል ውስጡንና የክፍል ውጭውን ትምህርት ለይተው ይቆጥሩት እንደነበር እጠራጠራለሁ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1961 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተጠቃለሉ፤ ከዚያ በኋላ የአገሪቱ ፍላጎት ብዙ ተማሪ ማስተናገድ ሆነ፤ ፍላጎቱ ትክክል ነበር፣ ትንሹ ግቢ ግን ቀረ።

የመጨረሻው ደብዳቤ ከማራኪ ግቢ ነው። «የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በግቢ ጉባኤ አገለግላለሁ፣ የበጎ አድራጎት ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ በቀይ መስቀልና በሥነ ጽሑፍ ክበብም አለሁበት። ውጤቴ ባለፈው መንፈቀ ዓመት ወረደ። የዶርም ጓደኞቼ ሁሉንም ተይ ይሉኛል። ልተወው?»

እህቴ፣ ሁሉንም አትተዪ፤ ሁሉንም ግን መያዝ አትችዪም። ለአዘዞው አባት የሰጠሁት መልስ ለአንቺ በግልባጩ ይሠራል፤ አንቺ ያለሽበት ግቢ ትልቅ ነው። ቀይ መስቀሉም ሥነ ጽሑፉም አንቺ ብትቀሪ ሌላ ሰው አያጡም። ስለዚህ «አንድ ሳምንት ብቀር ማን ይፈልገኛል?» ብለሽ በየክበቡ ራስሽን ጠይቂ፤ ስምሽ ብቻ ባለበት ቦታ ስምሽን አንሺ። ለመንፈስሽ የምትሄጂበትን ለይተሽ አስቀምጪው፤ እርሱን በውጤት ሚዛን አትመዝኚው፤ ነገር ግን የአገልግሎት ሰዓትሽን መቀነስ ኃጢአት እንዳልሆነ ለኃላፊዎችሽ ብትነግሪያቸው የሚገባቸው ይመስለኛል።

የሚቀረው ገንዘብ ያዥነቱ ነው፤ ይህ እንደ ሌሎቹ በመቅረት የሚተው አይደለም፤ በርክክብ እንጂ። ልትቀጥዪበት ከወሰንሽ ይህን አንዱን ያዢ። ልትለቂ ከወሰንሽ ደግሞ የገቢና የወጪ መዝገቡን እስከ መጨረሻው ቀን ዝጊው፣ ደረሰኞቹን በየወሩ እሠሪያቸው፣ በእጅ ያለውን ጥሬ ገንዘብ በሁለት ምስክር ፊት ቆጥረሽ አስረክቢ፣ የርክክቡን ወረቀት ሦስታችሁ ፈርሙበትና አንዱን ቅጂ ለራስሽ አስቀሪ። የሣጥኑ ቁልፍ ሁለት ከሆነ ሁለቱንም መስጠትሽን አትርሺ፤ አንዱ በዶርም ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ስንት ጓደኝነት እንዳበላሸ አውቃለሁ።